ድንጋይ ቈጣሪው መድፈኛ፤ የፐርሲ ማክማሆን አጭር የሕይወት ታሪክ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ነፋስ መውጫ የሚጓዝ መንገደኛ ጉናን በስተቀኙ እያየ ክምር ድንጋይ በምትባል ከተማ ያልፋል። እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ይህን ስም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አደግን እንጂ ልብ ብለን አስበንበት አናውቅም። አንድ ሰው መጥቶ ዐሥር ጥርብ ድንጋይ በስንት ዐይነት መንገድ ሊከመር ይችላል ብሎ ቢጠይቀን፣ ሥራ የፈታ ሰው ነው ብለን በሣቅንበት ነበር። ይሁን እንጂ ይህን የመሰለውን ጥያቄ የምር አድርጎ ይዞ የዕድሜውን እኩሌታ ያህል የደከመበት፣ መልሱንም ያገኘ አንድ የጦር መኰንን ነበረ። በዚህ እትም ታሪኩን ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብነው የዚህን ሰው ነው። ስሙ ፐርሲ አሌክሳንደር ማክማሆን ይባላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይገንዘብልን።

ማክማሆን የተወለደው በሴፕቴምበር 26 ቀን 1854 በማልታ ደሴት፣ ስሊማ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መኰንን ስለ ነበረ ልጁ ያደገው በምሽግና በመድፍ መካከል ነው። በዚያ ዘመን የመድፍ ጥይት ድቡልቡል ብረት ነበረና በየምሽጉ ደጃፍ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይደረደር ነበር። ማክማሆን የመቍጠር ፍቅር ያደረበት ይህን ክምር ከማየት የተነሣ ነው እየተባለ ይነገራል። እኛ ግን የሊቃውንት የልጅነት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከኋላ እየተስተካከለ የሚወራ ስለ ሆነ ይህን ነገር በመጠኑ ብቻ እንቀበለዋለን።

በፌብሩዋሪ 1868 በእንግሊዝ አገር ቼልትናም ኮሌጅ ገባ፤ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት ነበር። ይህ ጊዜ ለእኛ አገር ሰው እጅግ የታወቀ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በኦክቶበር 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን በሰው ጕልበት እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስናዱና መንገድ እያስጠረጉ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚያው ሰሞን ነው። ከህንድ አገር የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦርም ከባዱን መድፍ በዝሆን፣ የተራራውን መድፍ በበቅሎ ጭኖ ከሰሜን በኩል ወደዚያው ይገሠግሥ ነበር። ተማሪው ልጅ በዚህ ነገር አንዳች እጅ እንዳልነበረው ግልጽ ነው። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሚሠማራበት ሙያ ይኸው በበቅሎ የሚጫን የተራራ መድፍ፣ የሚያገለግልበትም አገር ይኸው ህንድ መሆኑን ስናስብ፣ ታሪኩን እንደ ፍጹም ባዕድ ሰው ታሪክ አድርገን ለማንበብ አልቻልንም።

በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ዉልዊች ወደሚገኘው የንጉሣዊ የጦር አካዳሚ ገብቶ ሁለት ዓመት ተማረ። በማርች 1873 ወደ ማድራስ ተላከ፤ ከዚያም ወደ ሉክናው ተዛወረ፤ በ1877 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በአፍጋኒስታን ወሰን አጠገብ ባለችው በኮሃት ከሚገኘው የተራራ መድፈኛ ክፍል ተመደበ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ በዚያ ዘመን ከነበሩት ብዙ ወጣት መኰንኖች ታሪክ የሚለይበት ነገር የለውም። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ግን ታመመ። በዲሴምበርም የዐሥራ ስምንት ወር የሕመም ፈቃድ ተሰጠውና በ1878 መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንግሊዝ ከአፍጋኒስታን ጋር ጦርነት ገጠመች። ማክማሆን ጤነኛ ሆኖ ኮሃት ቢቈይ ኖሮ ወደዚያ ጦርነት መዝመቱ የማይቀር ነበር። ሊቅ ያደረገው መታመሙ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ከመድፉ አፍ አርቆ ወደ መጽሐፉ ያቀረበው ግን በእርግጥ ሕመሙ ነው።

በ1880 ለመድፈኛ መኰንኖች በተቋቋመው ከፍተኛ ትምህርት ክፍል ገባ። ትምህርቱን ጨርሶ በ1881 የሻምበልነት ማዕርግ አገኘ፤ በ1882 ደግሞ በዉልዊች አካዳሚ አስተማሪ ሆነ። በዚያም ግሪንሂል ከሚባል የሒሳብ ፕሮፌሰር ጋር ተዋወቀ። በዘመኑ እንግሊዛውያኑ ኬይሊና ሲልቬስተር የአልጀብራን ትምህርት በአዲስ መልክ እየገነቡ ስለ ነበር፣ ሻምበሉ የእነርሱን ጽሑፎች እያሳደደ ያነብ ጀመር። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው እንደ እኛ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልተማረም፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይኖረው በጦር ሰፈር ውስጥ ማታ ማታ የሠራው ሥራ ነው ሊቃውንቱን ያስደነቃቸው። በ1890 የለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። በ1891 በመድፈኛው ኮሌጅ የኤሌክትሪክ አስተማሪ ሆነ፤ ከ1894 እስከ 1896 ደግሞ የለንደን የሒሳብ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። በሻለቅነት ማዕርግ ከጦሩ የተሰናበተው በ1898 ነው።

እንግዲህ ወደ ድንጋዩ እንመለስ። አንድን ሙሉ ቍጥር የሌሎች ሙሉ ቍጥሮች ድምር አድርጎ መጻፍ የቍጥር ክፍፍል ይባላል፤ የቅደም ተከተሉ መለዋወጥ እንደ ሌላ ክፍፍል አይቈጠርም። አራትን ብንወስድ፣ ራሱ 4፤ 3 እና 1፤ 2 እና 2፤ 2 እና ሁለት ጊዜ 1፤ አራት ጊዜ 1 ይሆናል። ስለዚህ የ4 ክፍፍል አምስት ነው። የ10 ክፍፍል 42 ነው። የ100 ግን 190,569,292 ይደርሳል። ሕፃን የሚረዳው ጥያቄ እንዲህ በቶሎ ከሰው እጅ ማምለጡ ያስገርማል። ከማክማሆን አስቀድሞ የስዊሱ ሊቅ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዓመት ብዙ ነገር ገልጦለት ነበር።

ማክማሆን ያደረገው ክፍፍሉን ከመስመር አውጥቶ በቦታ ላይ መዘርጋት ነው። አንባቢ በሐሳቡ የጉናን ራስ እንደ ማዕዘን ይውሰድ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በጋይንት በኩል፣ ወደ ደቡብም በእስቴና በስማዳ በኩል ምድሩን እኩል በሆኑ አራት ማዕዘን ማሳዎች ይሸንሽነው። በየማሳውም ላይ ጥርብ ድንጋይ ይከምር። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ምሥራቅም ሆነ ወደ ደቡብ አንድ ማሳ ስንራመድ ክምሩ ካለፈው ጋር እኩል ሊሆን ወይም ሊያንስ ይችላል እንጂ ሊበልጥ አይችልም። ምድሩ ከጉና እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቈላ ድረስ በእርከን የሚወርድ፣ አንድ ጊዜም ተመልሶ የማይወጣ ይሁን ማለት ነው። (የእውነተኛው ምድር ይህን ሕግ እንደማይጠብቅ ስማዳን በእግሩ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል።) ድንጋዩ ሁለት ብቻ ቢሆን አንዱ በማዕዘኑ ላይ ይቀመጥና ሁለተኛው ወይ ከላዩ፣ ወይ ከምሥራቁ፣ ወይ ከደቡቡ ይሆናል፤ ሦስት መንገድ ነው። ለሦስት ድንጋይ 6፣ ለአራት 13፣ ለአምስት 24፣ ለስድስት 48 መንገድ አለ። በመጀመሪያ ላይ የጠየቅነው የዐሥሩ ድንጋይ መልስ 500 ነው።

ማክማሆን በእነዚህ ቍጥሮች ውስጥ አንድ ሥርዐት አየ። ነገሩን በገንዘብ እንግለጠው። ባለ 1 ብር ኖት አንድ ዐይነት፣ ባለ 2 ብር ሁለት ዐይነት፣ ባለ 3 ብር ሦስት ዐይነት፣ እንዲሁም እየቀጠለ የሚሄድ ገንዘብ ያላት አገር ትኑር እንበል። በዚያች አገር 4 ብር በስንት መንገድ ይከፈላል? በባለ 4 ኖት አራት መንገድ አለ፤ በባለ 3 እና በባለ 1 ሦስት መንገድ፤ በሁለት ባለ 2 ኖቶች ሦስት መንገድ፤ በአንድ ባለ 2 እና በሁለት ባለ 1 ሁለት መንገድ፤ በአራት ባለ 1 አንድ መንገድ። ድምሩ 13 ነው፤ የአራቱም ድንጋይ ክምር 13 ነበር። ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ለማንኛውም ቍጥር እንደዚሁ ነው። ገንዘብ የሚከፍለው ሰውና ድንጋይ የሚከምረው ሰው ስለ ምን በአንድ ቍጥር እንደሚገናኙ ግን በዐይን አይታይም። እኛም ማረጋገጫውን እስክናነብ ድረስ አላመንነውም ነበር።

ለክምሩ ወሰን ቢደረግለትስ? ወደ ምሥራቅ ከሁለት ማሳ፣ ወደ ደቡብ ከሁለት ማሳ፣ ወደ ላይም ከሁለት ድንጋይ እንዳያልፍ ቢከለከል፣ ማለት በሣጥን ውስጥ ቢዘጋ፣ በሣጥኑ ውስጥ ስምንት የድንጋይ ቦታዎች አሉ። ለማዕዘኑ ቦታ 1 ቍጥር እንስጠው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ላይ አንድ ርምጃ በተራመድን ቍጥር አንድ እንጨምር። አንዱ ቦታ 1፣ ሦስቱ 2፣ ሦስቱ 3፣ የመጨረሻው 4 ይሆናል። አሁን ለእያንዳንዱ ቦታ ቍጥሩን አንድ ጨምረን ለራሱ ለቍጥሩ እናካፍል፤ 2 ለ1፣ 3 ለ2፣ 4 ለ3፣ 5 ለ4 ይመጣል። ስምንቱን ብናባዛቸው 20 እናገኛለን። ባዶውን ሣጥን አንድ ብለን ከቈጠርን በሣጥኑ ውስጥ የሚከመረው መንገድ ልክ 20 ነው። ጐኑ ሁሉ ሦስት ለሆነ ሣጥን በዚሁ ዘዴ 980 ይወጣል። ክፍልፋዮች ተባዝተው ሁልጊዜ ሙሉ ቍጥር መስጠታቸው ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ጥርጥር ያለበት የክፍላችን ጓደኛ በቆሎ ፍሬም ሆነ የስኳር ድንጋይ ይዞ ሃያውን ይቍጠራቸው።

ከዚህ ላይ የማክማሆን ጠባይ ይታያል። ስለ ድንጋዩ ክምር ያየውን ሥርዐት ለሊቃውንት ያቀረበው በ1890ዎቹ ውስጥ ነው። በጥቂት ቍጥሮች መርምሮ ትክክል ሆኖ አግኝቶታል። ግን ተረጋግጧል አላለም፤ ግምት መሆኑን በግልጽ ጻፈ። ከዚያም ከዐሥር ዓመት ለበለጠ ጊዜ፣ በአንድ በኩል ሲዘጋበት በሌላ በኩል እየሞከረ፣ ማረጋገጫውን ሲፈልግ ኖረ። በመጨረሻ አገኘው፤ ሙሉውንም በ1915 እና በ1916 በሁለት ቅጽ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ አሰፈረው። እኛ የመልመጃ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሞክረን መልሱ ከመጽሐፉ መጨረሻ ካለው ጋር ሲገጥምልን ሥራው አለቀ ብለን የምንዘጋ ተማሪዎች ነንና፣ የዚህን ሰው ትዕግሥት ስናነብ ትንሽ አፍረናል። ሌላው ግምቱ፣ ይኸውም የምሥራቁና የደቡቡ መልክ አንድ ስለሆነበት ክምር የሰጠው ቀመር፣ በእርሱ ዕድሜ ሳይረጋገጥ ቀርቶ አንድሩስና ማክዶናልድ የሚባሉ ሊቃውንት ያረጋገጡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

በ1914 ከማድራስ ራማኑጃን የሚባል ወጣት ወደ ካምብሪጅ መጣ። ማክማሆን ከአርባ ዓመት በፊት መድፍ ይዞ የወረደባት ከተማ ይህችው ማድራስ መሆንዋን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን። ራማኑጃን ከሃርዲ ጋር ሆኖ የአንድን ቍጥር ክፍፍል ብዛት በቅርብ የሚያገኝ አዲስ ቀመር አወጣ። ግን ቀመሩ ምን ያህል እውነት መሆኑን ለማወቅ ትክክለኛው ቍጥር ያስፈልግ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኮምፒዩተር የለም። ማክማሆን ተቀምጦ ከ1 እስከ 200 ያሉትን ቍጥሮች ክፍፍል በእጁ አሰላ። የሠራበት ዘዴ የኦይለር ነው፤ አንዱን ቍጥር ለማግኘት ቀድመው የተገኙትን በተወሰነ ሥርዐት መደመርና መቀነስ ያሻል። ለ200 ብቻ ሃያ ሁለት የቀደሙ ውጤቶችን መደመርና መቀነስ ነበረበት። ከመካከላቸው በአንዱ ላይ አንዲት አሐዝ ብትሳሳት ስሕተቷ እስከ መጨረሻው ድረስ እየተዛመተች ትሄዳለች። የ200 ክፍፍል 3,972,999,029,388 ሆኖ ወጣ። ሃርዲና ራማኑጃን የቀመራቸውን ስምንት ክፍል ብቻ ደምረው ያገኙት ውጤት ከዚህ የሚለየው በአንድ ሺኛ አራት እጅ ብቻ ነበር። ሥራቸው በ1918 ታተመ።

የሠንጠረዡ ጥቅም በዚህ አላበቃም። ራማኑጃን የማክማሆንን ቍጥሮች ሲመለከት ከ4 ጀምሮ በየአምስቱ ያለው ውጤት ለአምስት ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አስተዋለ፤ የ4 ክፍፍል 5፣ የ9 ክፍፍል 30፣ የ14 ክፍፍል 135፣ የ19 ክፍፍል 490 ነው። ይህንንም አረጋገጠው። ዛሬ የራማኑጃን ስም በዓለም ሁሉ ይታወቃል፤ ሠንጠረዡን በእጁ ያሰላው ሽማግሌ ሻለቃ ግን ከሒሳብ ሰዎች በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ይህ ነገር ለእኛ ፍርድ የጐደለው ሆኖ ይታየናል። ያለ ሠንጠረዡ ቀመሩ በምን ይመዘን ነበር?

ማክማሆን በካምብሪጅም ሆነ በኦክስፎርድ የፕሮፌሰርነት ወንበር አላገኘም። ከ1906 እስከ 1920 ድረስ እንጀራው የመንግሥት ሥራ ነበር፤ በንግድ ቦርድ ሥር የሚዛንና የመለኪያ ምክትል ኀላፊ ሆኖ፣ የያርድና የፓውንድ ልክ እንዳይዛነፍ ይጠብቅ ነበር። ቁናው ከገበያ ገበያ ሲለያይ ያዩ የአገራችን ሽማግሌዎች የዚህን ሥራ ክብደት ሳይረዱት አይቀሩም። በ1907 አገባ። ሽልማት አላነሰውም፤ በ1900 የሮያል ሜዳል፣ በ1919 የሲልቬስተር ሜዳል፣ በ1923 የዲ ሞርጋን ሜዳል ተቀበለ። ከ1917 እስከ 1918 የንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል። በ1921 ደግሞ ስለ ሒሳብ ጨዋታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ስድስት ቀለም ወስዶ የአንዱን ኩብ ስድስት ገጾች በየአንዳንዱ ቀለም ቢቀቧቸው 30 የተለያዩ ኩቦች ብቻ እንደሚገኙ፣ በእነርሱም ምን ምን ጨዋታ እንደሚሠራ ያሳየ እርሱ ነው። ያረፈው በዲሴምበር 25 ቀን 1929፣ በሰባ አምስት ዓመቱ፣ ቦግኖር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር ብንቀር ታሪኩ ጐደሎ ይሆናል። ማክማሆን ከድንጋዩ ክምር አንድ ደረጃ ወደ ላይ ለመውጣት አስቦ ነበር። ይህን እንደሚከተለው አድርገን እንረዳው። አንድ ክምር በየዓመቱ ይቈጠር፤ የዘንድሮው ክምር በየትኛውም ማሳ ላይ ከአምናው ሊበልጥ አይችልም። የዓመታቱ ሁሉ ድንጋይ በአንድነት ሲደመር ሁለት ከሆነ አራት መንገድ አለ፤ ሦስቱ በአንድ ዓመት ያለቁት ናቸው፤ አራተኛው አንድ ድንጋይ በመጀመሪያው፣ አንድ ድንጋይ በሁለተኛው ዓመት የሆነበት ነው። ለሦስት 10፣ ለአራት 26፣ ለአምስት 59 ይሆናል። ማክማሆን ለዚህም እንደ በፊቱ ያለ የገንዘብ ሥርዐት ገመተ፤ ባለ 1 ኖት አንድ ዐይነት፣ ባለ 2 ሦስት ዐይነት፣ ባለ 3 ስድስት ዐይነት፣ ባለ 4 ዐሥር ዐይነት። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለአምስት ግምቱ ልክ ሆኖ ይወጣል። ይህኛውን ግን ተረጋገጠ ብሎ ሳይጽፈው ሞተ።

በ1967 አትኪን፣ ብራትሊ፣ ማክዶናልድና ማኬይ የሚባሉ ሰዎች ነገሩን በኮምፒዩተር አሰልተው አሳተሙ። ለስድስት ድንጋይ የማክማሆን ግምት 141 ይሰጣል፤ ሲቈጠር ግን 140 ነው። ለሰባት ግምቱ 310 ሲሆን እውነተኛው 307 ነው፤ ወደ ፊት በሄድን መጠንም ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ለዚህ ክምር ትክክለኛውን ብዛት የሚሰጥ እንደ በፊተኛው ያለ ቀመር እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አላገኘም።